የባሻ ገብረአምላክ ርክክብ

በ1977 ዓ.ም. ሚያዝያ ሲገባ በነጌሌ ጦር ሰፈር የሙዚቃ ክፍል ውስጥ የነበረው ንብረት ይህ ነበር፦ ሦስት ትራምፔት፣ ሁለት ትሮምቦን፣ ሦስት ሆርን፣ አንድ ቱባ፣ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ከበሮ፣ አሥራ ሁለት የኖታ መቆሚያ (አራቱ እግራቸው በሽቦ የታሰረ)፣ አንድ ጥቁር ሰሌዳ። እያንዳንዱ የነሐስ መሣሪያ አንድ አንድ መንፊያ ነበረው። መንፊያ የምለው ከንፈር የሚያርፍበትን፣ ትንሽ ዋንጫ የሚመስለውንና ከመሣሪያው የሚነቀለውን ብረት ነው። ክፍሉ ቀድሞ መጋዘን የነበረ፣ ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ የሆነ፣ ስምንት ሜትር በአምስት ሜትር ቤት ነው። ሁለት መስኮት ነበረው፤ ቀዩ አቧራ እንዳይገባ ሁለቱም ተዘግተው ይውላሉ። ተማሪዎቹ አሥር ነበርን። ከአሥሩ ዘጠኙ የወታደር ልጆች ናቸው።

ዝርዝሩን በቃሌ አውቀዋለሁ። በዚያ ወር ጮክ ተብሎ ሲነበብ ሦስት ጊዜ ሰምቻለሁ።

አሥረኛዋ እኔ ነኝ፤ ቀድሪያ ራሺድ፣ አሥራ አንድ ዓመቴ፣ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ። አባቴ ከሰፈሩ በር ፊት ለፊት ሱቅ ነበረው። ስኳር፣ ጨው፣ የባትሪ ድንጋይ፣ ከዶሎ በኩል የሚመጣ ጨርቅ፣ ክርና መርፌ ይሸጣል። ቀበሌው ለኪነት ቡድን ከየቤቱ አንድ ልጅ ሲጠይቅ አባቴ ታላቅ ወንድሜን ሀሺን ያቤሎ አክስታችን ዘንድ ላከውና እኔን አስመዘገበ። ከሀሺ ይልቅ እኔ ጎበዝ ስለሆንኩ የመረጠኝ መስሎኝ ለብዙ ጊዜ ኮርቻለሁ። ነገሩ ሌላ ነበር፤ ዛሬ ጡሩምባ ለመንፋት የተመዘገበ ወንድ ልጅ ነገ በዚያው መዝገብ ለጠመንጃ ይጠራል። ቀበሌው የሙዚቃ መምህር ስላልነበረው ከከተማው የተመረጥነውን ወደ ጦር ሰፈሩ ላከን። የሌሎቹ ወላጆች በአንድ ወይም በሌላ ምክንያት ልጆቻቸውን አስቀሩና እኔ ብቻ ቀረሁ።

መምህራችን ሻምበል ባሻ ገብረአምላክ ነበሩ። ሰፈሩም ከተማውም «ባሻ» ነው የሚላቸው። አዲስ አበባ በጦር ሙዚቃ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ነፍተው ወደ ነጌሌ ከተዛወሩ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ረጅም ናቸው፤ በዚያ ሙቀት ከላያቸው የማይወልቅ ወፍራም የወታደር ካፖርት ይለብሳሉ። የሰፈሩ ጡሩምባ ነፊ ወደ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ የጠዋቱን ጥሪ የሚነፉትም እሳቸው ነበሩ። ጥሪውን በልምምድ ጊዜ «ነጋ» ነበር የሚሉት፤ «በሉ ነጋን ንፉ» ይሉናል። እኔ ቤቴ ኦሮምኛ ስለምናገር የሰማሁት «ናጋ» ነው። ናጋ ሰላም ማለት ነው፤ ቦረና ሲገናኝ መጀመሪያ የሚጠያየቀው እሱን ነው። ስለዚህ ለዓመት ተኩል ያህል ጦር ሰፈሩ በየማለዳው ከተማውን «ናጋ?» ብሎ ደኅንነታችንን የሚጠይቀን ይመስለኝ ነበር። እኔም ከመኝታዬ ሳልነሳ «ናጋ» እያልኩ እመልስ ነበር። ሰፈሩ የእኛን ደኅንነት እንደማይጠይቅ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ባሻ ጥሩ አስተማሪ ነበሩ። አይሳደቡም፤ አይማቱም። አንድ ነገር ግን አያደርጉም። የማናችንንም መሣሪያ አፋቸው ላይ አያደርጉም፤ የእሳቸውንም ትራምፔት ለማንም አይሰጡም። ድምፃችን ሲበላሽ መሣሪያውን ተቀብለው ከማሳየት ይልቅ ራቅ ብለው ቆመው በእጃቸው ያሳያሉ፤ «ከሆድሽ አምጪው፣ ከጉንጭሽ አይደለም!»

ከሦስቱ ትራምፔቶች አንዱ የባሻ ነበር፤ ሁለተኛውን እኔ እነፋለሁ፤ የመጀመሪያውን የምትነፋው ብርቱካን የምትባል የአሥራ ሁለት ዓመት የሃምሳ አለቃ ልጅ ነበረች። አንድ ቀን የመሣሪያዎቻችንን ውኃ እያራገፍን ሳለ፣ «ድሮ እኮ የእኔን ተቀብለው ይነፉ ነበር» አለችኝ።

«መቼ?»

«አንቺ ከመምጣትሽ በፊት።»

«ለምን ተዉት?»

ትከሻዋን ነቀነቀች። «እኔ ምን አውቃለሁ። አንቺ ስትመጪ ተዉት።»

ቆጠርኩት። እኔ የገባሁት በ1976 ጥቅምት ነው። እሳቸው የተዉት በዚያው ዓመት በልግ ሳይደርስ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ልጆች ሁሉ ክርስቲያን ናቸው፤ አዲስ የገባችው እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ እስላም ነኝ። ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ይህ የተሟላ ማስረጃ ነው። ሁለት ነገሮች በአንድ ወቅት ስለጀመሩ አንዱ የሌላው ምክንያት እንደማይሆን ዛሬ ላቦራቶሪ ውስጥ አብረውኝ ለሚሠሩ ወጣቶች በየጊዜው እነግራቸዋለሁ።

እንዲህ ያሰብኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም። በ1977 የካቲት ላይ ባሻ ስኳር ሊገዙ ሱቃችን መጡ።

«አካም፣ ባሻ! ይቀመጡ እንጂ፣ ሻይ ይጠጡ» አለ አባቴ።

«ናጋ፣ ራሺድ። ሻዩን እጠጣለሁ፤ መቀመጡን ግን ተወኝ፣ ከተቀመጥኩ አልነሳም» ብለው ሳቁ። ሳቁ መሐሉ ላይ ወደ ሳል ዞረ። ወደ ውጭ ወጥተው ጀርባቸውን ሰጥተውን ሲያስሉ ቆይተው ተመለሱ።

እናቴ ሸምሳ በብርጭቆ ቀድታ ስታቀርብላቸው ከካፖርታቸው ኪስ ጠርዙ የተሸራረፈ ሰማያዊ የብረት ኩባያ አወጡ። «በዚህ አድርጊልኝ፣ እመቤቴ።»

«ብርጭቆው ታጥቧል እኮ» አለች እናቴ።

«መታጠቡንማ አያለሁ። ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

እናቴ ሻዩን ከብርጭቆው ወደ ኩባያው ገለበጠችው። ባሻ ቆመው ጠጥተው፣ ኩባያውን አራግፈው ኪሳቸው ከተው ሄዱ። አባቴ የተረፈውን ብርጭቆ ለረጅም ጊዜ አየው። ሲቆጣ አንቱታውን ይተዋል።

«ስኳሬን ይበላል፣ ብርጭቆዬን ይጠየፋል።»

«እኛስ የእነሱን ሥጋ እንበላለን?» አለች እናቴ።

«ሥጋ ሌላ፣ ሻይ ሌላ! ድሮ በዚሁ ብርጭቆ ይጠጣ አልነበር? ዘመኑ እኩል ናችሁ እያለ መዝሙር ሲያስዘምረን እሱ አሁን እስላምነቴ ታየው?»

እናቴ ብርጭቆውን አንስታ አጠበችው። እኔ ግን የልቤን የተናገረልኝ መሰለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ፈለግሁ፤ ባሻ መንፊያቸውን አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ፣ በገዛ እጃቸው «እስቲ በዚህ ሞክሪ» ብለው እንዲሰጡኝ። በደንብ ከነፋሁ ይሰጡኛል ብዬ አሰብኩ። ከንፈሬ እስኪያብጥ እለማመድ ነበር። እሳቸው በየትምህርቱ መጨረሻ ለብቻቸው የሚነፉትን ዘገምተኛ ዜማ እንኳ ሳያስተምሩኝ በጆሮዬ ይዤ ቤቴ ጓሮ ሙሉውን አወጣሁት።

ሚያዝያ አጋማሽ ላይ የሰፈሩ የንብረት ክፍል ሠራተኛ አሥር አለቃ በላይነህ የባትሪ ድንጋይ ሊገዛ መጣ። እኔ ከስኳሩ ጆንያ ጀርባ ተቀምጬ የቤት ሥራ እሠራለሁ።

«የባሻ ጡረታ ወጣ» አለው ለአባቴ። «ቅዳሜ የክብር ዝግጅት አለ። አንተም ተጠርተሃል፤ ብትቀር ቀበሌው ይጠይቅሃል።»

«ክብሩንም በግድ ነው የምታስከብሩን?»

«በግድ ያልሆነ ክብር የት አይተህ ታውቃለህ፣ ራሺድ?»

«መቼ ነው የሚሄዱት?»

«ሰኞ የጭነት መኪናው፣ ኡራሉ፣ ይነሳል። ርክክባቸውን ከጨረሱ ነው እንግዲህ። ያለ ርክክብ ከዚያ ግቢ ዝንብ አትወጣም። አምና አንድ መቶ አለቃ ለአንድ አካፋ ብሎ ሁለት ወር ተቀምጦልሃል።»

«አካፋው ተገኘ?»

«አካፋውማ የእኔው ቢሮ ጀርባ ነበር። ግን እስኪገኝ ድረስ ጠፍቷል።» ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ በላይነህ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለነገሩ አሁኑኑ ቢሄዱ ነው የሚሻላቸው። እዚህ መርፌ አልቋል። አዲስ አበባ ግን መርፌው አለ ይባላል።»

መርፌ እኛ ሱቅ ሙሉ ጣሳ ነበር፤ ትልቁም ትንሹም። ለመርፌ ብሎ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አይቼ ስለማላውቅ ያን አረፍተ ነገር ትርጉም የለሽ ብዬ ጣልኩት። የያዝኩት የቀረውን ነው። ርክክብ ካልተጠናቀቀ ባሻ አይሄዱም። አንድ አካፋ ሁለት ወር ያስቀምጣል። ሁለት ወር ደግሞ ለእኔ ይበቃኛል።

ዓርብ ዕለት በላይነህ ዝርዝሩን ይዞ ወደ ክፍላችን መጣ። ጮክ ብሎ ያነባል፤ እኛ መሣሪያውን ከፍ እናደርጋለን፤ ባሻ «አለ» ይላሉ። «ትራምፔት ሦስት፣ ከነመንፊያው።» «አለ።» ምንም አልጎደለም። ፊርማው ሰኞ ጠዋት፣ ኡራሉ ከመነሳቱ በፊት እንዲሆን ተስማሙ።

ቅዳሜ ሚያዝያ 19 ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሰፈሩ አዳራሽ ሞላ። መኮንኖቹ ፊት ለፊት ወንበር ላይ፣ የወታደር ሚስቶች ከነልጆቻቸው መሐል፣ የቀበሌውና የገበያው ሰዎች ኋላ አግዳሚ ላይ። አባቴ ኋላ ነበር። መድረኩ ላይ «ጓድ ሻምበል ባሻ ገብረአምላክ ለተተኪው ትውልድ ያበረከቱት አስተዋጽኦ አይረሳም» የሚል ቀይ ጨርቅ ተሰቅሏል። «አይረሳም» የሚለው ቃል ቦታ ጠቦት ወደ ታች ታጥፏል።

እኛ ከመድረኩ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ካኪ ሸሚዝና ቀይ ሻሽ ለብሰን ተሰልፈናል። ባሻ የትራምፔታቸውን ሳጥን ከፍተው ሲወለውሉ ሳል መጣባቸው፤ መሐረባቸውን አፋቸው ላይ አድርገው በጓሮ በር ወጡ። ሳጥኑ ክፍት ቀረ። ብርቱካን ጫማዋን ታስራለች። መንፊያውን አነሳሁና ሻሼ ውስጥ፣ ከፀጉሬ ጋር ጠቅልዬ አሰርኩት። ያን ለማድረግ የፈጀብኝ ጊዜ ከአሥር ሴኮንድ አይበልጥም። ብረቱ ራሴ ላይ ቀዝቀዝ ብሎ ተሰማኝ፤ ቀስ በቀስ ሞቀ። ባሻ ተመልሰው ውስጡን ሳያዩ ሳጥኑን ዘጉት።

ዝግጅቱ እንደ ሌሎቹ ዝግጅቶች ነበር። መፈክር ተባለ፣ እጅ ተነሳ፣ ተቀመጥን። አምስት ዜማ ነፋን። ባሻ ፊታቸውን ወደ እኛ፣ ጀርባቸውን ወደ ሕዝቡ አድርገው መሩን፤ ግንባራቸው በላብ ርሷል። በሦስተኛው ዜማ ትሮምቦኖቹ ዘገዩና ባሻ በጣታቸው ጭናቸውን እየመቱ መልሰው አስገቧቸው። የሰፈሩ የፖለቲካ ኃላፊ ረጅም ንግግር አደረገ፤ ንግግሩ ውስጥ የባሻ ስም ሁለት ጊዜ ተጠራ። ጋቢ ተሸለሙ። ጋቢውን ካፖርታቸው ላይ ደረቡትና አዳራሹ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ።

«አሁን ደግሞ ጓድ ባሻ የስንብት ዜማቸውን ያሰሙናል!» አለ የፖለቲካ ኃላፊው።

ሳጥኑን ከፈቱ። ትራምፔቱን አነሱ። ከዚያ እጃቸው ሳጥኑ ውስጥ ዞረ፤ ቬልቬቱን ዳሰሰ፤ የካፖርቱን ኪሶች ፈተሸ። አዳራሹ መንሾካሾክ ጀመረ።

«ምን ጎደለ?» አለ የፖለቲካ ኃላፊው።

«መንፊያው የለም» አሉ ባሻ፣ በቀስታ።

የፖለቲካ ኃላፊው መድረኩ ላይ ወጣና ዙሪያውን ሲያይ ከሁሉ የቀረብኩት እኔ ነበርኩ። «እሷ ይዛለች አይደል? ስጪያቸው፣ አንቺ ልጅ!»

የራሴን መንፊያ ነቅዬ ዘረጋሁላቸው። አሁን ይወስዱታል ብዬ አሰብኩ። በከተማው ሰው ሁሉ ፊት የእኔን ብረት አፋቸው ላይ ያደርጋሉ፤ አባቴም ያያል።

ባሻ እጃቸውን ወደ ኋላ ሰበሰቡ። «አይሆንም። የልጅቷ ነው።»

«ምን ችግር አለው ጓድ ባሻ? ብረት እኮ ነው!» ሰው ሳቀ።

«ብረት ነው። ግን የልጅቷ ነው።»

ሳቁ ቀስ ብሎ ሞተ። ከኋላ አግዳሚ አንድ ሰው ተነሳ። አባቴ ነበር፤ ኮፍያውን አድርጎ ማንንም ሳያይ ወጣ። በሩ ከኋላው ሲዘጋ ሰማሁት።

ባሻ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ፤ ግን ራቅ ብለው። «ቀድሪያ፣ አንቺ ንፊልኝ። ዜማውን ታውቂዋለሽ። ጓሮሽ ስትነፊው ሰምቼሻለሁ።»

«አልችልም» አልኩ።

እችል ነበር። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያለ አንድ ስሕተት እችለው ነበር።

«እሺ» አሉ። ቀጥ አሉ፤ ትራምፔቱን ብብታቸው ሥር አድርገው ለሕዝቡ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጡ። የፖለቲካ ኃላፊው ማጨብጨብ ጀመረ፤ ሌላውም ተከተለው። የክብር ዝግጅቱ በዚህ አበቃ።

እሑድ ጠዋት ጥሪ አልተነፋም። ከእንቅልፌ የነቃሁት በአህያ ጩኸት ነው። መልስ ልሰጠው ተዘጋጅቼ የነበረው ድምፅ ሳይመጣ ቀረ። ያም ሆኖ ከሰዓት በኋላ ከሱቁ ኋላ ያለው መጋዘናችን ገብቼ፣ አባቴ የሚነግድባቸው ቆዳዎች መሐል ቁጭ ብዬ መንፊያውን አፌ ላይ አደረግሁት። የብረትና የመድኃኒት ጣዕም ነበረው። ነፋሁበት። ትራምፔቴ ለርክክቡ ሰፈሩ ውስጥ ስለቀረ የወጣው ድምፅ እንደ ግልገል ጩኸት ነው።

ሰኞ በላይነህ ዝርዝሩን እንደገና ሲያነብ እኛም ተጠርተን ቆመን ነበር። «ትራምፔት ሦስት፣ ከነመንፊያው።» ባሻ «ሁለት» አሉ። በላይነህ ብዕሩን ኪሱ መለሰ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ኡራሉ በሱቃችን ፊት አልፎ ሄደ፤ ኋላው ላይ ባሻ አልነበሩም። አሸነፍኩ ብዬ ነበር።

ረቡዕ በላይነህ ሱቅ መጣ። ምንም አልገዛም፤ ጆንያው ላይ ተቀመጠ።

«ሊያጣሩ ነው» አለ። «የሕዝብ ንብረት ጠፋ ተባለ። ለአንድ ቁራጭ ብረት! ማጣራት ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለህ።»

«እኔ ምን አገባኝ?» አለ አባቴ። «በልጄ ብረት አፉን ከሚያረክስ ይጣራበት።»

በላይነህ ቀና አለ። «ምን አልክ?»

«ሰው ሁሉ አይቶታል። በእኔ ብርጭቆም አይጠጣም።»

«አንተ ሰው!» በላይነህ ከተቀመጠበት ተነሳ። «ሳንባቸው እኮ አልቋል! ነቀርሳ ነው። ደም ነው የሚተፉት። ዓመት ተኩል አለፋቸው። ክሊኒክ ያለው ድሬሰር ‹ኩባያህን ለይ፣ ማንኪያህን ለይ፣ የልጆቹን ጡሩምባ በአፍህ እንዳትነካ› ብሏቸው ነው። ለአዛዡ ከተነገረ ልጆቹን ይነጥቁኛል ብለው ነው የደበቁት። እኔም የነገሩኝ መርፌው ስላለቀ ነው።»

«ኩባያው… ለእኛ ብለው ነው?» አለ አባቴ።

«ታዲያ ለማን?»

አባቴ የብርጭቆዎቹን መደርደሪያ ማየት አልቻለም። ዞሮ ግድግዳውን አየ። እኔ ነቀርሳ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ደም የሚለውን ግን አወቅሁ። መጋዘን ገባሁና መንፊያውን አምጥቼ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩት። ሲያርፍ ትንሽ ድምፅ ሰጠ።

እመታለሁ ብዬ ነበር። አባቴ ግን ያየው ብረቱን ሳይሆን አፌን ነው።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አፍሽ ነክቶታል?»

«አዎ።»

ጓሮ ወስዶ ከንፈሬን በጨውና በሎሚ እስኪደማ አሸው። የስርቆቴ ቅጣት መስሎኝ ሳላለቅስ ቻልኩት። ፈርቶ እንደነበር የገባኝ እኔም ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው።

መንፊያውን በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ እጄን ይዞ፣ ከበላይነህ ጋር ወደ ሰፈሩ ሄድን። ባሻ ክፍላቸው ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ የተሸለሙትን ጋቢ ለብሰዋል። አባቴ ሦስት እርምጃ ሲቀረው ቆመ።

«ባሻ፣ አፉ ይበሉኝ።»

«ምን አድርገህ?»

አባቴ ጋዜጣውን ለበላይነህ ሰጠ። በላይነህ ፈታው፣ አየው፣ ወረቀቱንና ብዕሩን አወጣ። «የት ተገኘ ብዬ ልጻፍ?»

ባሻ አዩኝ። ከንፈሬ አብጧል። ለመናገር አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«እኔ ነኝ የሰጠኋት። ለልምምድ ሰጥቻት ረሳሁት።»

«ባሻ፣ እንደዚያ ከተጻፈ እኮ ጥፋቱ የእርስዎ ይሆናል። ወረቀትዎ ላይ ይገባል።»

«ይግባ። የሰጠኋት እኔ፣ የረሳሁትም እኔ። ጻፍ።»

በላይነህ ጻፈ። ለወራት ስጠብቀው የነበረው ቃል እንደዚያ ተባለ። ደስ ይለኛል ብዬ ካሰብኩት ነገር ሁሉ ያን ያህል የከበደኝ የለም።

«ነፋሽበት?» አሉኝ።

«አዎ፣ ባሻ።»

«ምን ድምፅ ሰጠ?»

«እንደ ግልገል።»

ፈገግ አሉ። «ለመጀመሪያ ቀን ደኅና ነው።» ከዚያ ፊታቸውን አዙረው ማሳል ጀመሩ፤ በእጃቸው ሂዱ አሉን።

ርክክቡ በማግሥቱ ተፈረመ፤ ዝርዝሩ ለሦስተኛ ጊዜ ተነበበ። ነገር ግን መኪና አልነበረም። የዚያ ዓመት ዝናብ ዘግይቶ መጥቶ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከክብረ መንግሥት ወዲህ ያለውን መንገድ በጭቃ ቆረጠው። አባቴ በየቀኑ አንድ ጣሳ የግመል ወተት በእኔ ይልክላቸው ነበር። ደጃፉ ላይ አስቀምጬ፣ ባዶውን አንስቼ እመለሳለሁ። እሳቸው መስኮቱ ጋ ቆመው እጃቸውን ያነሳሉ። አንድ ቀን «ዜማውን አትተዪው» አሉኝ። ቀጣዩ ኡራል የተነሳው ግንቦት 17 ቀን ነው። ሲሳፈሩ ሁለት ወታደሮች ደግፈዋቸው ነበር። የዘገዩት ሃያ ስድስት ቀን ነው።

አሁን ሥራዬ አክታ መመርመር ነው። ሃያ ሦስት ዓመት በማይክሮስኮፕ ሳይ ኖሬአለሁ። ድሬሰሩ ለባሻ የነገራቸው ነገር ትክክል አልነበረም። ያ በሽታ በኩባያ አይተላለፍም፤ በመንፊያም አይተላለፍም ማለት ይቻላል። የሚተላለፈው በአየር ነው። ባሻ ለእኛ ሲሉ ኩባያ ይዘው ሲዞሩ፣ ለእኛ ሲሉ በሰው ፊት ሲዋረዱ፣ አሥራችንም በሳምንት አራት ቀን መስኮቱ በተዘጋ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ፊታቸው ተቀምጠን የሚያስሉትን አየር በረጅሙ እየሳብን እንነፋ ነበር። የሚያስፈልገው መስኮቶቹን መክፈት ብቻ ነበር። ያን የነገራቸው ሰው የለም። ከአሥራችን ሦስቱ በቀጣዮቹ አራት ዓመታት ታመው ታክመዋል፤ አንዷ ብርቱካን ናት። እኔ አልታመምኩም።

ለሥራ አዲስ አበባ በሄድኩበት ጊዜ፣ የታከሙበትን ሆስፒታል የድሮ መዝገብ ለማየት ፈቃድ ጠየቅሁ። ስማቸውን ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ግንቦት 20 ቀን 1977፤ ዕድሜ 54፤ ክብደት 46 ኪሎ፤ አክታ ሦስት መስቀል፣ ማለትም በባክቴሪያ የተሞላ፤ የግራ ሳንባ ሙሉ በሙሉ የወደመ። አብሮኝ ያነበበውን ሐኪም፣ ሃያ ስድስት ቀን ቀድመው ቢደርሱ የግራው ይተርፍ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ከዚህ ወረቀት ተነስቶ ማወቅ አይቻልም አለኝ። እኔም ብሆን ለሚጠይቀኝ ሰው የምመልሰው ይህንኑ ነው።

የቀረውን በመዝገቡ አድራሻ ፈልጌ ያገኘኋት ሴት ልጃቸው ነገረችኝ። በሰባተኛው ወር አክታቸው ንጹሕ ሆኖ ከሆስፒታል ወጡ፤ በቀኝ ሳንባቸው ብቻ አምስት ዓመት ከአራት ወር ኖሩ።